አርባ ጠብታ ስንት ሚሊኩሎም ነው

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሒሳብ መለማመጃ ነበር። ሦስት ገጽ ተለማመድኩበት፤ ሦስቱም ስሕተት ስለሆኑ ቀደድኳቸው። የቀረው ወረቀት እንዳይባክን ወሬ ልጽፍበት ነው። በወሬ ተሳስቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። በቮሎስ ከተማ ፀጉር በመርፌና በኤሌክትሪክ የምናጠፋ ባለሙያዎች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፀጉር የምንሰጠውን የኤሌክትሪክ መጠን ከእንግዲህ በደንበኛዋ ካርድ ላይ በሚሊኩሎም እንድንጽፍ ታዘናል። ዲሴምበር 9 ተቆጣጣሪ ትመጣለች። እኛ የጻፍነውና ማሽኑ የቆጠረው ከመቶ ከአሥር በላይ ከተራራቀ ፈቃዳችን ይነጠቃል።

እኔ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራሁት በጠብታ ነው። ጠብታ ስል የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ሙያውን ያስተማረችኝ እትዬ አስፓሲያ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ትል ነበር፤ መርፌው ፀጉሩ ሥር ገብቶ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ የቆዳው ጨውና ውሃ የሚያቃጥል ሶዳ ይሆናል፣ ሥሩን የሚገድለው እሱ ነው። የሚሊአምፒር አንድ አሥረኛ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራው ሶዳ አንድ ጠብታ ይባላል። የከንፈር ፀጉር አሥራ አምስት ጠብታ፣ የአገጭ አርባ። አለቀ። በዚህችው እውቀት የግማሹን ከተማ ጢም አጥፍቻለሁ። የሴቶቹን ማለቴ ነው።

አሁን አርባ ጠብታ ስንት ሚሊኩሎም ነው? እኔ አራት መቶ አልኩ። ፎቅ ላይ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ኡራኒያ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ አነበበችና፣

«አንቺ ሴት፣ በአሥር ማካፈል ሲገባሽ አባዛሽው። አራት ነው፣ አራት! በአራት መቶ እኮ አገጭ ሳይሆን ካላማሪ ዓሣ ነው የሚጠበሰው።»

አራት። አርባ ዓመት ሙሉ ሒሳብ አላስፈለገኝም እል ነበር። ለካ እኔ ነኝ ሒሳቡን ያላስፈለግሁት።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ደስ የሚል ቀን!

በቅዱስ ትሪፎን ቤተ ክርስቲያን የቀድሞው ዘማሪ ጉሮሮው አልችል ብሎት ስለተወ አዲስ መጥቶልናል። ኤርሞላኦስ ይባላል፣ የስኮፔሎስ ደሴት ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት በመርከብ ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ይዘምራል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ይህን የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም፣ ኡራኒያ ናት። መልሱን ግን በደንብ ሰምቻለሁ።

አርባ ጊዜ የሚባለውን «አቤቱ ማረን» የቀድሞው ዘማሪ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ይሮጥበት ነበር። ይህኛው እያንዳንዷን ለብቻዋ ያስቀምጣታል። መስማቱ እግርን ለብ ባለ ውሃ እንደ መንከር ነው። ይህን የምጽፈው ለመንፈሳዊ ጥቅም ነው።

ኖቬምበር 10፣ ሰኞ

አዲሱ ማሽን መጣ። አሮጌው ላይ አንድ መርፌና አንድ መዘውር ብቻ ነበር፤ ይህኛው የሰጠሁትን በሚሊኩሎም ቆጥሮ በቀይ ቁጥር ያሳያል። ራሱ እንዲቆም ማድረግም ይቻላል። ፈተናው ላይ ግን ያ አይፈቀድም፤ ማሽኑ ቢከዳት ባለሙያዋ ራሷ ታውቃለች ወይ ለማለት በእግር ፔዳል ነው የሚሠራው።

እኔ ደግሞ ፔዳሉን የምቆጥረው በአፌ ነው። ዓይኔ አጉሊ መነጽሩ ላይ ስለሚሆን ሰዓት አላይም። ኤሌክትሪኩን 0.4 ሚሊአምፒር ላይ አደርግና ፔዳሉን ረግጬ አሥር ጊዜ «አቤቱ ማረን» እላለሁ። አንዱ አንድ ሰከንድ፣ አሥሩ አርባ ጠብታ። እትዬ አስፓሲያም እንዲሁ ነበረች። ለአንዲት ሴት አገጭ ስንት ጸሎት እንዳረግን እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ዛሬ 4 ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ 4.6 አለ። አዲስ ስለሆነ ይሆናል።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

በችኮላ። ሰባት ደንበኛ። ትናንት 5.1። ዛሬ 5.6። ካርዱ ላይ ግን 4፣ 4፣ 4። ማሽኑ ታሟል።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ማሽኑን የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ደወልኩ።

«እመቤቴ፣ ማሽኑ በፋብሪካ ተፈትኖ የወጣ ነው» አለኝ።

«እኔም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተፈትኛለሁ!» ብዬ ዘጋሁበት። ጥሩ መልስ ነበር። ዘግቼ ስቀመጥ ግን ቁጥሩ አሁንም 5.6 ነበር።

እንደገና አሰላሁ። አርባን በአሥር ሳካፍል አራት። ሦስት ጊዜ አካፈልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ አራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ልክ ሆኖልኝ በሒሳቡ ተናደድኩ።

የማታ ጸሎት ሄጄ ተረጋጋሁ። በዚህ ሳምንት አራተኛዬ ነው። ኡራኒያ፣ «መነኩሴ ልትሆኚ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አለችኝ። «ጸሎት ነው» አልኳት። ፀጉሬን ግን ተሠርቼ ነበር፤ እሱን ዝም ብዬ ነው።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አቶ ኤርሞላኦስን አስቁሜ ችግሬን ነገርኩት። የኤሌክትሪክ ሰው ነውና ለሙያ ነው የጠየቅሁት፤ ሰማያዊውን ካፖርቴን መልበሴ አጋጣሚ ነው።

«እኛ መርከብ ላይ በአምፒር-ሰዓት ነበር የምንቆጥረው» አለኝ። «አንድ አምፒር-ሰዓት ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ኩሎም ነው። እርስዎ የሚሉት አራት ሚሊኩሎም እንግዲህ...» ሰማይ ሰማይ አየ፤ ሲያስብ ግንባሩ ላይ ሁለት መስመር ይወጣል። «የአምፒር-ሰዓት አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ። ይህማ ምንም ማለት አይደል።»

«ምንም? ይህ ምንም ያሉት ነገር ጢም ይነቅላል!»

ሳቀ። እጁን ጢሙ ላይ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ይቅርታ፣ እመቤቴ። ታዲያ ኩሎም ማለት እኮ አምፒር በሰከንድ ሲባዛ ነው። አምፒሩን ማሽኑ ይይዛል፤ ሰከንዱን ማን ነው የሚይዝልዎት?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያ አንዱ እየተሳሳተ ነው» አለና ልብሰ ዝማሬውን ሊያስቀምጥ ገባ።

አንዱ ማሽኑ ነው። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው ግን።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

ድሮሱላ መጣች።

ስለ ድሮሱላ እስካሁን አልጻፍኩም፤ ስለ እሷ እንደ ቀልድ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ትሠራለች። ከሆርሞኗ የተነሣ ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ አገጯ ላይ ጢም አላት። በኦገስት ሙቀት እንኳን ያለ ስካርፍ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትመጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የምታወራኝ። በየሳምንቱ እየመጣች፣ ፀጉር በፀጉር እያጠፋን፣ አሁን የቀረው አንድ ሳንቲም የሚሸፍነው ያህል ነው። በዲሴምበር 6፣ በከተማችን ጠባቂ በቅዱስ ኒኮላስ በዓል፣ ያለ ስካርፍ የቅዱሱን ሥዕል ልትሸኝ እኔና እሷ ከበጋ ጀምሮ ተማምለናል።

ዛሬ ስካርፏን ስትፈታ አገጯ ላይ ሦስት ቅርፊት አየሁ። ምስር ምስር የሚያካክሉ፣ ቡናማ።

«ያለፈው ሳምንት በጣም ያቃጥል ነበር፣ እትዬ ስታማቲያ» አለች።

«ነፋሱ ነው። የሰሜን ነፋስ ቆዳ ያደርቃል» አልኳት።

ቅባት ቀባኋት። በሌላው ጎን ጥቂት ፀጉር ሠራሁላትና ላክኋት። ካርዷ ላይ 4 ጻፍኩ። ማሽኑን አላየሁትም። አልዋሽም፣ አይቼዋለሁ።

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

ከጭንቀት ለመውጣት ሌላ ሒሳብ ሠራሁ። ስልኬ ባትሪ ላይ 4000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይላል። አራት አምፒር-ሰዓት ማለት ነው፤ በሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሲባዛ አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ ኩሎም። ለአንድ ፀጉር አራት ሚሊኩሎም ከሆነ፣ በአንድ ስልክ ሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ፀጉር!

ወደ ፎቅ ሮጥኩ። «ኡራኒያ! በዚህ ስልክ የአቶስ ተራራን መነኮሳት በሙሉ ጢም ማጥፋት እችላለሁ!»

«መጀመሪያ አምስት ነጥብ ስድስትሽን አስተካክዪ» አለችኝ፤ እየጠበሰች ነበር፣ ዞራም አላየችኝ።

ይህች ሴት ደስታ የሚባል ነገር ቤቷ ውስጥ አታስገባም። ደግሞ ልክ ናት።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ ሁሉንም ልጻፍ።

ድሮሱላ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ፣ እኔ አጉሊ መነጽሬ ላይ አጎንብሼ፣ ፔዳሉን ረግጬ «አቤቱ ማረን» ስል አገጯ ተንቀጠቀጠ። አሟት መሰለኝ። እየሳቀች ነው!

«እትዬ ስታማቲያ፣ ዜማ ጨመሩበት እኮ።»

«የምን ዜማ?»

«ድሮ እንደ እኛ ፖስታ ቤት ማኅተም ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አሁን መጨረሻውን ያወርዱታል። አቤ-ቱ ማ-ረ-ን...» ብላ ዘመረችው። የአቶ ኤርሞላኦስ ነው። ራሱ። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትወርደው፣ እኔ እግር በለብታ ውሃ ያልኳት።

«እስቲ ይድገሙት፣ ልያዝልዎት» አለችና ስልኳን አወጣች። ያለ መርፌ፣ ፔዳሉን ብቻ ረግጬ አሥር አልኩ። እንደ ልማዴ፣ ፍጹም እንደ ልማዴ።

አሥራ አራት ሰከንድ።

አሥራ አራት ጊዜ ዜሮ ነጥብ አራት፣ አምስት ነጥብ ስድስት። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሻጩ ጨዋ ነው። ፋብሪካው ይባረክ። የተበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ በሁለት ልጆች እናትነቴ፣ በስድስት ዓመት መበለትነቴ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ስለዘመረ ሰከንዴ ተለጠጠ።

ድሮሱላ አልተቆጣችም። «ከማን ተማሩት?» ብቻ አለችኝ። «ከቤተ ክርስቲያን» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ፊቴ ከእሷ አገጭ የባሰ ቀላ።

ከሄደች በኋላ ካርዷን አወጣሁ። ከኖቬምበር 10 ጀምሮ ያለውን «4» ሁሉ ሰርዤ ማሽኑ ያስታወሰውን ጻፍኩ፤ 5.6፣ 5.6፣ 5.6። ልጅቷ ሦስት ዓመት ፊቷን ሰጥታኝ እኔ አሥራ ስድስት ጠብታ ትርፍ ሶዳ አፈሰስኩባት፤ ሲያቃጥላት ነፋስ ነው አልኳት። ነፋስ! ሰውን ስሕተቱ ያን ያህል አያሳፍረውም፤ ሰበቡ ነው።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

ወሰንኩ። ቅዱስ ትሪፎን አልሄድም። ወደብ አጠገብ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እዚያ አባ ቆዝማስ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ አሉ፤ ምእመናኑ ዓሣ አጥማጆች ስለሆኑ ጀልባ እንዳያመልጣቸው ያጣድፉታል። አርባውን «አቤቱ ማረን» በሁለት ትንፋሽ!

ኡራኒያ፦ «ሰውየው ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«እሱማ ነው ችግሩ» አለች።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ሳምንት ሙሉ የአባ ቆዝማስ ጸሎት። ዛሬ ማሽኑ ምን አለ? 2.8።

አሥሩን በሰባት ሰከንድ ጨረስኩት! ሃያ ስምንት ጠብታ። ሥሩ አልሞተ፤ ፀጉሩን ስስበው አልወጣም፤ የዳቦ ቤቷ እመቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሰደበችኝ። «ስታማቲያ፣ ጎመን ነው እንዴ የምትነቅዪው?»

የራሴ የሚባል ሰከንድ የለኝም ማለት ነው? የሰማሁትን ሁሉ የምደግም በቀቀን ነኝ። ስድስት ቀን ቀረኝ።

በቁጥር ልሞክር ብዬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። አራት ላይ መርፌው ከፀጉሩ ሥር ተንሸራተተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እጄን ያረጋጋው ጸሎቱ ነበር።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ቅዱስ ኒኮላስ። ባንድ፣ ወታደር፣ አበባ። ድሮሱላን ሕዝቡ መሐል አየኋት። ስካርፏን አድርጋለች፤ አረንጓዴውን፣ የድሮውን። እጇን አነሣችልኝ። እኔም አነሣሁ።

ከሥዕሉ ኋላ አቶ ኤርሞላኦስ እየዘመረ አለፈ። በሰው መሐል ተደበቅሁ። ሰማያዊውን ካፖርት የለበሰች ሴት የምትደበቅበት ቦታ እንደሌለ ረስቼ።

ዲሴምበር 8፣ ሰኞ

ነገ ናት።

የሚሠራበት ደንበኛ አዘጋጁ ተብሏል። ኡራኒያን ለመንኳት። «እኔ ጢም የለኝም» አለች። «አለሽ» አልኳት። በር ዘጋችብኝ።

ሻይ አፍልቼ እርሳሴን ይዤ ተቀመጥኩ። የአቶ ኤርሞላኦስ «አቤቱ ማረን» አንዱ አንድ ነጥብ አራት ሰከንድ። የአባ ቆዝማስ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ለብቻ ለብቻ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ አይነቅልም። ቆይ ግን። አምስት ከዚያ፣ አምስት ከዚህ ብወስድስ? አምስት ጊዜ አንድ ነጥብ አራት፣ ሰባት። አምስት ጊዜ ዜሮ ነጥብ ሰባት፣ ሦስት ተኩል። ተደምሮ አሥር ሰከንድ ተኩል። በዜሮ ነጥብ አራት ሲባዛ...

4.2!

የሚፈቀደው ከ3.6 እስከ 4.4 ነው። ወንበሩ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ፔዳሉን ረግጬ አምስት በአንዱ፣ አምስት በሌላው አልኩ። 4.2። ደገምኩ። 4.2። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አሃድ የፈጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስም ላወጣለት ብዬ አፈርኩ።

በሩ ተንኳኳ። ድሮሱላ ናት።

«ሰው አጥተዋል አሉ። እህትዎ ነገሩኝ።»

«ልጄ፣ ባንቺ ላይ አልሠራም። በቃ፣ አይሆንም።»

ስካርፏን ፈታች። ቅርፊቶቹ ወድቀዋል፤ ሥፍራቸው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። «የቀሩት ሦስት ፀጉሮች ናቸው» አለች። «እርስዎ የጀመሩትን ሌላ ሰው አይጨርስብኝም።»

ሻይ ቀዳሁላት። ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት፤ ጠጣችው።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ተቆጣጣሪዋ ወጣት መሐንዲስ ናት፣ ቀጭን፣ በጣም ንጹሕ ጫማ ያላት። መጀመሪያ ካርዶቹን አየች። የድሮሱላን አነሣችና፣

«እዚህ ላይ አራት ተሰርዞ አምስት ነጥብ ስድስት ተጽፏል።»

አሁን ነፋስ ልል ነው ብዬ ራሴን ፈራሁት።

«ተሳስቼ ነበር። ማሽኑ ልክ ነበር፣ እኔ ቀስ ብዬ ነበር። ልጅቷን አቁስያታለሁ።»

ተቆጣጣሪዋ ድሮሱላን አየቻት። ድሮሱላ ትከሻዋን ነቀነቀች። ተቆጣጣሪዋ አንድ ነገር ጻፈችና፣ «ይቀጥሉ» አለች።

የመጀመሪያው ፀጉር። አምስት ቀስ፣ አምስት ፈጠን። 4.2። ሁለተኛው 4.1። ሦስተኛው 4.2። ሦስቱም እንደ ክር ወጡ፣ ሳይጎተቱ።

«በሌሎች አሃዶች?» አለችኝ።

«አራት ነጥብ ሁለት ሚሊኩሎም፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ማይክሮኩሎም፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አራት ሁለት ኩሎም። አርባ ሁለት ጠብታ፣ እሱን ባይጠይቁኝም።»

«ልክ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለምንድነው መጀመሪያ ቀስ ብለው ኋላ የሚጣደፉት?»

«መጀመሪያ ስለ ኃጢአቴ ነው የምጸልየው» አልኳት። «ከዚያ ሥራ አለብኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ድሮሱላ በሳቅ ፈረሰች። ተቆጣጣሪዋም ከንፈሯን ነክሳ ፈረመች። ድጋሚ በሦስት ወር ትመጣለች፤ ስለዚያች ስለተሰረዘችው «4»። ይገባኛል።

ፈቃዱ ግን የእኔ ነው!

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

ቅዱስ ትሪፎን ተመለስኩ። ድሮሱላ ከእኔ ጋር መጣች፤ አንገቷ ባዶ፣ አገጯ ባዶ። ብርድ ነው ብዬ ስካርፍ ልሰጣት ነበር፤ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከቅዳሴ በፊት አቶ ኤርሞላኦስ ደጃፉ ላይ አገኘኝ።

«ሁለት እሑድ አላየሁዎትም፣ እመቤቴ። ታመው ነበር?»

«እርስዎ አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊኩሎም አሳስተውኝ ነው።»

ግንባሩ ላይ ሁለቱ መስመሮች ወጡ። «ያ ስንት ነው?»

«በእርስዎ መርከብ ምንም። በእኔ አሥራ ስድስት ጠብታ። በዚህች ልጅ አገጭ ሦስት ቅርፊት።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥራ አራቱን ሰከንድ፣ አባ ቆዝማስን፣ አምስት በአምስቱን። ሳቀ፣ ከዚያ ድሮሱላን አይቶ ሳቁን ተወው።

«እንግዲያ ላፍጥነው?» አለኝ፤ ከልቡ ነው።

«አይሆንም» አልኩት። «እንዳለ ይሁን። እሑድ ሥራ ላይ አይደለሁም።»

ገብተን ቆምን። ኡራኒያ ከኋላዬ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ዞሬ አላየኋትም። አርባው «አቤቱ ማረን» ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ አላውቅም። አልቆጠርኩም።